ባህር እየታየ አይጎረስም

ጡረታ ስወጣ ኬክ ቆረጡልኝ። ኬኩ ላይ በክሬም ባቡር ሥለውበታል፤ ባቡር አሉት እንጂ ለኔ አባጨጓሬ ነው የመሰለኝ። "ዚ፣ ስፒች! ስፒች!" አሉኝ። ሙሉ ስሜን መጥራት ያቃተው ሰው ሁሉ ስፒች ያምረዋል። "ታንክ ዩ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ባይ" ብዬ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ያላልኩትን ነው አሁን የምለው። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ሰናይት ትጽፋለች። እሷ ደሞ በየመሃሉ "እማዬ፣ ይሄ ይውጣ፣ ነውር ነው" ትለኛለች። ጻፊ ብያታለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ "እማማ ዘነቡ፣ ከምን ሥራ ነው ጡረታ የወጡት?" ይሉኛል።

"ከባቡር።"

"ውይ! ሾፌር ነበሩ እንዴ?"

"አዎ። የማይሄድ ባቡር ሾፌር።"

የቀለድኩ ይመስላቸዋል። ምን ቀልድ አለው? ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ መንገድ ገባ ብሎ፣ የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ማረፊያ አለ፤ ነርሲንግ ሆም የሚሉት። ባቡሬ የነበረው እዛ ቤት ውስጥ ነው። ታሪኩ ግን ከልብስ ማጠቢያው ይጀምራል።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ምድር ቤት፣ አንሶላ ማጠብ ነበር። ደሞዙን ተዉት፤ ከሰፈሬ ከሞንትቤሎ ሁለት ባስ ቀይሬ ስመጣ እግረ መንገዴን ያልቃል። እዛ የተቀበለችኝ እትዬ ሙሉ ናት፤ ከኔ በፊት ብዙ ዘመን የሠራች የደሴ ሴት። ቁጡ ናት። አንሶላ ጫፍ ለጫፍ ካልገጠመ መልሳ ትበትነዋለች። ግን ሰው አያያዝ ታውቅ ነበር። ላይ ሰው ሲጎድል እኛን ከታጠበው ልብስ መሃል ይጠሩናል፤ ትንሽ ኮርስ አስወስደውን ስለነበር ምግብ ማብላት ተፈቅዶልናል። እትዬ ሙሉ ወደላይ ከመውጣቷ በፊት እጇን የሞቀ ፎጣ ውስጥ ትጠቀልላለች። "በቀዝቃዛ እጅ የነካሽው ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ አያምንሽም" ትላለች። ቆማ አታናግርም፤ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ "ያረጀ ሰው ከላይ የመጣበትን ሁሉ ይፈራል"። ኩባያ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥም፤ መዳፉ ላይ ነው የምታስይዘው። ስታበላ ደሞ አፍ አታይም፣ ጉሮሮ ነው የምታይ።

"ዘነቡ፣ የመጀመሪያው ሳይወርድ ሁለተኛውን ያቀረብሽ እንደሆን በስድብ አሳርርሻለሁ!"

"እሺ እትዬ።"

"ሌላ ነገር የሚያይ ሰው አታጉርሺ። ዓይን ሲንከራተት አፍ ይረሳል።"

"እሺ ብያለሁ እኮ!"

እሺ ማለት ቀላል ነው። ትርጉሙን ያየሁት እሷ ሲያትል ልጇ ጋ ከሄደች በኋላ ነው።

ከዛ ብሬንዳ የምትባል ማናጀር መጣች። ክፉ አይደለችም። ግን ሐሳብ ይመጣላታል። ሰኞ ሐሳብ፣ ማክሰኞ ሐሳብ። አንድ ቀን የጥግ ክፍሉን አጸዳችና ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት አስተከለች፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ሰቅላ ዙሪያውን መስኮት አስመሰለችው፤ መጋረጃ ሳይቀር። ቪዲዮው ሲከፈት ከባቡር መስኮት የተቀረጸ ነው፤ የካሊፎርኒያን ባህር ዳር ይዞ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ድምጹ ቸከቸክ ይላል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች እዛ ሲቀመጡ ይረጋሉ አለች። እውነቷን ነው፣ ይረጋሉ። ማን አብሯቸው ይቀመጥ? ወጣቶቹ "ያዞረናል" አሉ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ።

"ዚ ጉልበቷን ያማታል። ዚ ትቀመጥ።"

ኮፍያም ሰጡኝ፤ የቲኬት ቆራጭ። የዚህ አገር ነገር! ውጪ መንገዱን ሁሉ ቆፍረው የእውነቱን ባቡር ሀዲድ ሲዘረጉ ባሴ በየቀኑ ይዘገያል፤ እኔ ደሞ ተሯሩጬ ገብቼ የማይሄድ ባቡር ላይ እቀመጣለሁ።

ባህር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ወደዚህ ስመጣ በአውሮፕላን ተኝቼ ነው ያለፍኩት፤ ዴንቨር ደሞ ባህር ቀርቶ ዝናቡም ይቆጠራል። ያንን ባህር ግን እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የጎመን ማሳ ነው። ከዛ ባህር ዛፍ፣ የኛው ባህር ዛፍ፣ አንድ ረድፍ ሙሉ። ካሁን አሁን ስትሉ ገደሉ ይከፈትና ውሃው ይመጣል፤ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ እንደ አተላ ግራጫ። አረፋው ድንጋይ ላይ ወጥቶ እንደ ነጠላ ይዘረጋና ተመልሶ ይሰበሰባል። እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን የቀበሩ ትላልቅ ወፎች አሉ። አሸዋው ላይ አንድ ውሻ ኳስ ያሳድዳል፤ ሊይዛት ሲል ባቡሩ ያልፋል። ስንት ዓመት! "ያዛት እንጂ አንተ ደካማ!" እለዋለሁ። ከውሻው ቀጥሎ ዋሻ ነው፤ ስክሪኑ ይጨልማል፣ መስኮቱ ላይ የራሳችንን ፊት እናያለን። ከዋሻው ሲወጣ እንደገና ባህር።

መጨረሻው ግን ጣቢያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጣቢያው ሲመጣ ሁሉም ተነሡ! መደገፊያ ዎከሩን ያልያዘ፣ ቦርሳዋን የምትፈልግ፣ አንዱ ኮቱን በግልባጭ የለበሰ። አንድ ሰው ቢወድቅ ዳሌው ነው፣ ዳሌው ከሄደ ሰውየው ሄደ። ስለዚህ ጣቢያው ሊደርስ ሲል በሪሞቱ ወደ ጎመኑ እመልሰዋለሁ። እኔ ዘንድ ማንም ወርዶ አያውቅም።

ሚስ ሩት የምትባል ፈረንጅ ነበረች፤ የልጆቿን ስም ረስታለች።

"ደረስን ወይ?" ትለኛለች።

"ቀጣዩ ነው።"

"ቅድምም እንዲህ ብለሽኝ ነበር።"

የልጆቿን ስም የረሳች ሴትዮ የኔን ውሸት አትረሳም!

እንዲህ እያለን ጋሽ ተኽሌ መጡ። ኤርትራዊ ናቸው፤ ምፅዋ ወደብ ጉምሩክ የሠሩ፣ አማርኛቸው ከኔ የሚበልጥ፣ ቁርስ ላይ ክራቫት የሚያስሩ ሰው። ልጃቸው ዳዊት እዚሁ አጠገብ፣ ሴንቴኒያል ይኖራል፣ ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚሠራው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ በሽታው ባሰባቸውና አመጣቸው። እንግሊዝኛቸው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ "ኖ፣ ታንክ ዩ።"

አይበሉም ተባለ። ቁርስ እምቢ፣ ምሳ እምቢ። ኮታቸው እየሰፋ ሄደ። እኔ አንድ ቀን ምሳ ላይ አንሶላ ይዤ ሳልፍ አየሁ። ምግብ የምታድለው ልጅ ትሪውን አስቀመጠችና "ሚስተር ቲ፣ መብላት ይፈልጋሉ?" አለቻቸው። ጋሽ ተኽሌ ከወንበራቸው ብድግ እንደማለት አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ "ኖ፣ ታንክ ዩ" አሉ። ልጅቷ "ኦኬ!" ብላ ትሪውን አነሣች። ዓይናቸው ትሪውን እስከ ኩሽናው በር ድረስ ሸኘው።

ደሜ ፈላ። ሰውየው እኮ እየተግደረደሩ ነው! በሰው ቤት የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ሰው በሰው ቤት ገና ሳይለመን ዘሎ ይበላል? ይሄንን ለብሬንዳ በምን እንግሊዝኛ ልንገራት?

"ብሬንዳ፣ እሱ ኖ ሲል፣ ኖው ኖ አይደለም።"

ብሬንዳ ፊቷ ቀላ። "ዚ! እንደሱ አይባልም! ኖ ማለት ኖ ነው!" ይሄው ብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየችኝ። ማንበብ አልችልም እንጂ እጅ የዘረጋ ሰው ሥዕል አለበት። ነዋሪ ሁሉ እምቢ የማለት መብት አለው፣ ደጋግሞ መጎትጎት ክልክል ነው፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ያስቀጣናል አለችኝ።

"የመግደርደር መብትስ?" አልኳት በአማርኛ።

"ዋት?"

"ምንም።"

ባቡሬ ላይ ወሰድኳቸው። ባህሩ ሲመጣ ጋሽ ተኽሌ መጋረጃውን በሁለት ጣት ገለጥ አደረጉ።

"ምፅዋ ልንገባ ነው?"

"ቀጣዩ ነው ጋሼ።"

"ይኸው ጨው ይሸተኛል" አሉ። የሚሸተው የወለሉ ኬሚካል ነው። ምን ላድርግ፣ "አዎ፣ ይሸታል" አልኩ።

የምሳ ሰዓቴ ነበር፤ ከቤት ያመጣሁትን ድፎ ዳቦ ፈታሁ።

"እንብላ ጋሼ።"

"ብሉ፣ ይባረክ።"

"ኧረ ይቅመሱልኝ።"

"በቅቶኛል እመቤቴ፣ አሁን ነው የበላሁ።"

"በሞቴ! ለብቻዬ ነው የምበላው? አፈር ስሆን!"

"እንግዲህ ካስጨነቅሽኝ..." አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

እሰይ! ደስታ አሰከረኝ። ቆርሼ አጎረስኳቸው፣ በሉ። ደግሜ አጎረስኩ። ያን ጊዜ ዋሻው አለቀና ባህሩ ቦግ አለ። ጋሽ ተኽሌ አፋቸው ሙሉ ሆኖ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ "መርከብ!" ሊሉ ነው መሰለኝ ትንፋሽ ሳቡ።

ትን አላቸው። ድምጽ የለውም እኮ! ሰው ሲታነቅ ይጮሃል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ዓይናቸው ፈጦ፣ እጃቸው ክራቫታቸውን ይዞ፣ ከንፈራቸው እንደ በለስ ጠቆረ። ጮህኩ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ከኋላ አቀፈቻቸውና ሆዳቸውን ገፋች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አልወጣም። ሚስ ሩት "ይሄ ሰው ሊወርድ ነው?" ትላለች። ቪዲዮው ቸከቸክ ይላል። በኋላ ዳቦው ወጥቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፣ ጋሽ ተኽሌ አየር ሳቡ፣ ከዛ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዳቦው የደረቀ፣ ጉርሻው የበዛ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ። እትዬ ሙሉ ከሲያትል ድረስ የምትሰድበኝ መሰለኝ።

ብሬንዳ ሪሞቱን ተቀበለችኝ። ኮፍያውንም። ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ። ጋሽ ተኽሌ ደሞ ወደ "ኖ፣ ታንክ ዩ" ተመለሱ፤ አሁንስ ጭራሽ ፈርተዋል።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ልጃቸው ዳዊት ምድር ቤት ድረስ ወረደ። የማሽኑ ድምጽ ውስጥ ቆሞ ጮኸብኝ።

"አባቴን ያነቁት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። አትጩህ፣ ማሽኑ ይበቃል። ቁጭ በል።"

"አልቀመጥም! ለምን መኪና ፓርክ አድርጌ እዚህ ድረስ እንደወረድኩ ያውቃሉ? የዛሬ ሳምንት ሆስፒታል እንወስደዋለን። ሆዱ ላይ ቱቦ ሊያስገቡለት ነው። ካልበላ ሌላ ምርጫ የለም ብለውኛል። ልፈርም ነው።"

ቱቦ! የምፅዋ ሰው፣ ክራቫት አሳሪ፣ በሆዱ ቱቦ ሊበላ! ሁለታችንንም መምታት አማረኝ፣ እኔንም እሱንም።

"አንተስ አቅርበህለት ታውቃለህ?"

"በየሳምንቱ! አባ ትበላለህ? እለዋለሁ። ኖ ይለኛል።"

"ከዛስ?"

"ከዛስ ማለት?"

"ከዛ ምን ትላለህ?"

"ኦኬ እለዋለሁ። ምን ልበል? ምርጫው ነው፣ አከብርለታለሁ።"

"አንተን ያሳደገህ ማነው? እናትህ እንግዳ ሲመጣ ምን ትል ነበር?"

ማድረቂያው ሲዞር አፍጥጦ ቆየ።

"ሳህኑን ይዛ ትቆም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ካልበሉ አልቀመጥም ትል ነበር። እንግዶቹ በቃን ይሏታል፣ እሷ ትምላለች፣ እነሱ ይምላሉ። እኔ ልጅ ሆኜ የሚጣሉ ይመስለኝ ነበር። ክፍሌ ገብቼ በር እዘጋ ነበር።"

"በል እንግዲህ በሩን ክፈት። አባትህ እዛ በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት። የሚለምናቸው አጥተው!"

ወደ ብሬንዳ ይዤው ወጣሁ። አጨቃጨቀችን፤ መቼም ሥራዋ ነው። ግን ሰማችው። እሱ ያስረዳት ጀመር፣ የእናቱን ነገር፣ ሳህኑን። ብሬንዳ እስክሪብቶዋን ስታዞር ስታዞር ቆየችና "ሠራተኛዬን ጎትጉች ብዬ ማዘዝ አልችልም" አለች። "ቤተሰብ ግን አባቱን መለመን ይችላል። ለስላሳ ምግብ ብቻ። ነርስ አጠገባችሁ ትቀመጣለች። ዚ ደግሞ" አለች፣ "ዚ ባቡሩን ትነዳለች። እጇን ግን ምግቡ ላይ አላይም!" ሪሞቱን ሰጠችኝ። ኮፍያውን ሆን ብዬ ረሳሁት።

በማግሥቱ ዳዊት የሥራ ሸሚዙን ለብሶ መጣ፣ ስልኩን ይዞ። ስልኩን ቀማሁት። ኦትሚል ነው የሰጡት፣ እንደ ገንፎ ያለ።

"ስማኝ" አልኩት። "ዝቅ ብለህ ተቀመጥ። ባህር እየታየ እንዳታጎርስ። ባህሩ የጎረሱትን ለመዋጥ ነው። ዋሻው ውስጥ ስንገባ መስኮቱ ይጨልማል፤ የሚያዩት ሲያጡ ወዳንተ ይዞራሉ። ያኔ ነው። በማንኪያው ጫፍ ብቻ። ከዛ ጉሮሮ ጉሮሮውን እይ።"

ጋሽ ተኽሌ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ልጃቸውን አላወቁትም፤ የባንክ ሰው መስሏቸው "እንደምን አደሩ" ብለውታል። ዳዊት ያንን ሲሰማ ፊቱን አይቼዋለሁ። ውሻው አለፈ። ዋሻው መጣ።

"አባ፣ ትበላለህ?"

"ኖ፣ ታንክ ዩ።"

ዞሮ አየኝ። "ለምናቸው!" አልኩት።

"እባክህ አባ፣ ትንሽ።"

"በቅቶኛል። እናንተ ብሉ።"

ዋሻው አለቀ፣ ባህሩ መጣ፣ ጋሽ ተኽሌ ወደዛው ዞሩ። ዳዊት ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔ ቪዲዮውን ወደ ዋሻው አፍ መለስኩት። እንደገና ጨለማ።

"በል እንጂ! ማል!"

"እማማ፣ እንዴት በሞቴ እለዋለሁ? አባቴ ሊሞት ነው እኮ!"

"ስለዚህ ነዋ!"

ሦስተኛው ዋሻ ላይ ነው። ልጁ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ድምጹ ተሰበረና ወጣ፤ "አባ... በሞቴ። በሞቴ ብላልኝ። ካልበላህ ከዚህ አልነሣም።"

ጋሽ ተኽሌ ከመስኮቱ ዞሩ። ልጁን አዩት። ረጅም አዩት፣ ቅንድቡን፣ ጆሮውን። ተቆጡ።

"ዝም በል! አባት ቁጭ ብሎ ልጅ በሞቱ ይምላል? ማን አስተማረህ?" አሉ። "ወዲህ አምጣ።"

አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ ባህሩን አምጥቼ ለቀቅኩላቸው። ጉሮሯቸው ላይ የክራቫቱ ቋጠሮ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ወረደ።

ቱቦው ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ዳዊት ምሳ ሰዓቱን ባቡር ላይ ሆነ፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ እንኳ ይመጣል። ልመና እንደ ማንኛውም ሥራ ነው፣ ሰው ይለምደዋል። በኋላማ ልጁ ባሰብኝ! ጋሽ ተኽሌ ገና "በ..." ሲሉ "በሞቴ" ይላቸዋል። "ቆይ እንጂ፣ ይግደርደሩበት፣ ጊዜ ስጣቸው" እለዋለሁ። ሁዳዴ ሲገባ "ቅቤ አለው?" ብለው ጠየቁ፤ ለብሬንዳ ሄጄ ቅቤው ይውጣ አልኩ፣ ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ ጭቅጭቅ። አንዳንድ ቀን ልጃቸውን ያውቁታል፣ አንዳንድ ቀን የባንክ ሰው ነው። የባንኩ ሰውም ሲለምናቸው ይበሉለታል።

ፀደይ ላይ ሳንባቸው ታመመ። ቀጥ ብለው መቀመጥ አቃታቸው፤ በትራስ ደግፈን አመጣናቸው። ዳዊት ጎድጓዳውን ሳህን ይዞ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ዋሻው ውስጥ ገባን። ማንኪያውን አቀረበ። ጋሽ ተኽሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አላደረጉም። "ታንክ ዩ"ም የለ። የልጃቸውን አንጓ ያዙና ማንኪያውን፣ ቀስ አድርገው፣ ወደ ልጁ አፍ መለሱት።

"አንተ ብላ" አሉት።

ዳዊት አየኝ። "እማማ፣ ይሄኛው የትኛው እምቢታ ነው? ልለምነው?"

ሪሞቱን አስቀመጥኩ። ራሴን ነቀነቅኩ።

"ይሄኛው የእውነቱ ነው ልጄ። አሁን የሚለምኑህ እሳቸው ናቸው። ብላ።"

ኦትሚል ሲቀዘቅዝ እኮ ሲሚንቶ ነው። ስኳር የለው፣ ጨው የለው። ዳዊት እንባው እየወረደ አንድ ማንኪያ በላ፣ ሁለት በላ። ባህሩ መጣ፣ ሄደ፤ ጋሽ ተኽሌ አንዴም ወደ መስኮቱ አልዞሩም። ልጁን ነበር የሚያዩት፣ ሳህኑ እስኪጸዳ ድረስ።

"ጎሽ" አሉት።